የሚያልበው ኩባያ

የምሠራው በእጅ የሚሠራ ሸክላ በሚመረትበት ቤት ነው። ድርሻዬ መጨረሻው ላይ ነው። ያለቀለትን ዕቃ አያለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ለገዢው አደርሳለሁ። ገዢ ሲደሰትም ሲከፋም የሚደውለው ለእኔ ነው።

አንዲት ደንበኛችን ኩባያ ከወሰደች ጥቂት ሳምንታት በኋላ ደወለች። «ኩባያዎቹ ያልባቸዋል» አለችኝ። ውሃ ቀድታ ስታቆያቸው ከሥራቸው እርጥብ ክብ ይተዋሉ። የእንጨት ጠረጴዛዋ ምልክት አውጥቷል። ቀጥሎ ያለችው ደግሞ ይበልጥ አሳሰበኝ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ስታስገባቸው መጠጡ ገና ለብ ሳይል ኩባያው እጅ ያቃጥላል።

ነገሩን ለባልደረቦቼ ስነግር ክርክር ተነሳ። ጭቃ የሚያቦካው ልጅ «ጭቃው ያው የምናውቀው ነው» አለ። በመንኮራኩር የምታዞረዋ «ግድግዳው አልሳሳም፣ በእጄ አውቀዋለሁ» አለች። ግሌዝ የምንለውን መስታወት መሳይ ቅብ የሚቀባው፣ ውስጡን በደንብ መሸፈኑን ማለ። እቶኑን የሚያቃጥለውም የሙቀት መለኪያው የሚፈለገው ላይ መድረሱን ከደብተሩ አሳየን። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን እጅ ሥራ ነው። ያንን ኩባያ ግን ከጭቃነቱ ጀምሮ እስከ ሴትየዋ ጠረጴዛ ድረስ የተከተለው ሰው አልነበረም።

እትዬ የምንላቸው ዋና ሸክላ ሠሪያችን ክርክሩን አቆሙት። «ተዉ ልጆቼ። ዕቃው ይምጣና እሱኑ እንጠይቀው።»

ኩባያዎቹ መጡ። እትዬ አንዱን አንስተው ውስጡን የጽሕፈት ቀለም ቀቡትና ጠረጉት። ከፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች እንደ መረብ ተዘርግተው ታዩ። ሌላውን በደንብ አድርቀን መዘንነው። ከዚያ ለሰዓታት ውሃ ውስጥ ቀቅለን፣ ላዩን ጠርገን፣ እንደገና መዘንነው። ከብዷል። የጨመረው ክብደት ሸክላው የጠጣው ውሃ ነው። ከመደርደሪያችን ያወጣነው ሌላ ኩባያ፣ ያውም ከዚያው ጭቃ የተሠራ፣ በዚሁ ፈተና ክብደቱ ያን ያህል አልተለወጠም።

አሁን ነገሩ ተገለጠ። ሸክላ በመጀመሪያው ማቃጠል፣ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ይጠነክራል እንጂ ውሃ መጠጣቱን አይተውም። እኛ የምንሠራበት ዓይነት ጭቃ በሁለተኛው ማቃጠል ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው ውስጡ በከፊል ቀልጦ ቀዳዳዎቹ የሚደፈኑት። እዚያ ካልደረሰ ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ቅቡም ከሥሩ ካለው አካል ጋር ስለማይስማማ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ቅብ በሌለው መቀመጫ በኩል ይወጣል። ማይክሮዌቩም የሚያሞቀው ግድግዳው ውስጥ የተቀመጠውን ያንኑ ውሃ ነው።

ታዲያ መለኪያው ትክክል ካሳየ ለምን በደንብ አልበሰሉም? መለኪያው የሚያውቀው እሱ የተተከለበትን ቦታ ብቻ ነው። የእኛው የሚገኘው እቶኑ ወገብ ላይ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ከድሮ ጀምሮ ኮን የሚባል ነገር አለ። ጀርመናዊው ኸርማን ዜገር በ1886 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ነው። ተለክቶ ከተቀመመ የሸክላ ማዕድን የሚሠራ ትንሽ ሹል ቁራጭ ነው፤ ሙቀቱም ጊዜውም ሲበቃው ይጎነበሳል። እኛ የምናስቀምጠው በመመልከቻው ቀዳዳ ፊት ብቻ ነበር። በቀጣዩ ማቃጠል በየመደርደሪያው አስቀመጥን። እቶኑን ስንከፍት የላይኞቹና የመሐሎቹ ጎንበስ ብለዋል። የታችኞቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል!

የሴትየዋ ኩባያዎች የታችኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበሩ ግን በምን እናረጋግጥ? የተጻፈ ነገር አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሰው በእጁ የደከመበት ዕቃ እንዴት ያለ ታሪክ ይቀራል?

ካርድ የጀመርነው ያኔ ነው። ጭቃው የተቦካበት ቀን፣ የሠራው እጅ፣ የደረቀበት ሁኔታ፣ ቅቡ፣ የእቶኑ መደርደሪያ። ዕቃው ሥር የሚጫረው ምልክት ካርዱ ላይም ይጻፋል። የመጨረሻው መስመር የእኔ ነው፤ ማን ወሰደው፣ ምን ይሠራበታል። ለዚህ መስመር ብዬ ገዢዎችን መደወል ጀመርኩ፤ ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ያወራሉ። አንድ አዛውንት ጣታቸው የሚያማቸው ናቸው። «ኩባያው ያምራል፣ ጆሮው ግን ጣቴን አያስገባም» አሉኝ። ይህንን በመንኮራኩር ለምትሠራው ነገርኳት። እሷ እርጥቡን ስትሠራ ሁለት ጣት በደንብ ያስገባ ነበር። ችግሩ ጭቃችን ሲደርቅና ሲቃጠል በድምሩ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ይኮማተራል። በእርጥቡ ልክ የሆነው ጆሮ ገዢው ዘንድ ሲደርስ ጠቧል። አሁን ጆሮውን የምትለካው በሚደርስበት ሰው ጣት ነው፤ መኮማተሩን አስልታ ያንኑ ያህል አስፍታ ትሠራዋለች። የኩባያው አካልና ጆሮው እኩል እርጥበት ላይ እያሉ ካልተጣበቁ መጋጠሚያው ላይ እንደሚሰነጠቅም የተማርኩት ከእሷ ነው። ዛሬ ዕቃ ስጠቀልል መጀመሪያ የማየው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ለሴትየዋ ሌላ ኩባያ ላክንላት፣ ስለ ጠረጴዛዋም ካስናት። የታችኛው መደርደሪያ ጉዳይ ግን ገና አላለቀም። እትዬ የማቃጠሉን ማብቂያ ቀስ አድርገን ሙቀቱ ወደ ታች እንዲወርድ እናቆየው ይላሉ። እቶን አቃጣዩ ነዳጅ ይበላል ብሎ ይከራከራል። እስኪስማሙ ድረስ ታች የምንደረድረው የአበባ ማሰሮ ነው። ቅብ አንቀባውም። ለእሱ ውሃ መጠጣቱ ጥሩ ነው፤ የተክሉ ሥር አየር ያገኛል።