ለራሴ ሽንፈት ብቻዬን ያጨበጨብኩበት ሌሊት

ምርጫ መሸነፍ ነውር አይደለም። ሜይ 5 ቀን 2022 በተካሄደው የለንደን የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ፣ በ32ቱ ክፍለ ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ዕጩዎች ተሸንፈው ወደየሥራቸው ተመልሰዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ውጤቱ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለገዛ ሽንፈቱ በሙሉ ልቡ ያጨበጨበ ዕጩ ግን ከእኔ በቀር ይኖራል ብዬ አላምንም። ካለ እባካችሁ አገናኙን፤ የምንወያይበት ብዙ ጉዳይ አለን።

ወደ ዕጩነት የገባሁት በሥልጣን ጥም ሳይሆን በይሉኝታ ነው። አገራችን የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበሩ አገሮች ማኅበር፣ አባል ስላልሆነች፣ ናይጄሪያዊውና ኬንያዊው ጎረቤቶቼ የእንግሊዝ ዜግነት ሳያስፈልጋቸው በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ሲሰጡ፣ እኔ ዜግነት እስካገኝ ድረስ ዳር ቆሜ ስመለከት ኖሬአለሁ። ቅኝ አለመገዛታችን የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ በለንደን የመራጮች መዝገብ ላይ ግን አንዳች ጥቅም አላስገኘልንም። ዜግነቱ በመጣ ጊዜ ታዲያ የቆየ ጉጉቴ ሁሉ ፊቴ ላይ ይነበብ ኖሮ፣ የአንድ አነስተኛ ፓርቲ የአካባቢ አስተባባሪ የሆኑ ትሑት ሴትዮ በሬን አንኳኩ።

ሴትዮዋ ያስረዱኝ እንዲህ ነው። በወረዳችን ለሦስት ወንበር ሦስት ሰው ይመረጣል፤ መራጩም እስከ ሦስት ምልክት ማድረግ ይችላል። ፓርቲው ሁለት ዕጩ ብቻ ካቀረበ ሦስተኛዋ ምልክት ወደ ተቀናቃኝ ትሄዳለች፤ ስለዚህ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። ሰውየው እንዲያሸንፍ አይጠበቅበትም፣ ቤት ለቤት እየዞረ እንዲቀሰቅስ አይጠበቅበትም፣ ለፓርላማ ዕጩ የሚጠየቀውን የ500 ፓውንድ ማስያዣ እንኳ አይጠየቅም። የሚፈለገው ስሙ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ «አይጠበቅበትም» የሰማ ሰው እምቢ ለማለት ምን ሰበብ ይኖረዋል?

ጣጣው የጀመረው እዚያው ስሙ ላይ ነው። የዕጩነት ማመልከቻው «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሁለተኛው ስም የወለደኝ ሰውዬ የግል ስም እንደሆነና ሰውየውም አዲስ አበባ በሰላም እንደሚኖሩ የሚገለጽበት ሣጥን ግን የለውም። ስለዚህ በባንክም በሐኪም ቤትም ሳደርግ እንደኖርኩት የአባቴን ስም እዚያ ውስጥ ጻፍኩ። የአባቴ ስም «ወልደ» ብሎ ጀምሮ በአንድ ሰማዕት ስም የሚያልቅ ረጅም ስም ሲሆን፣ ፓስፖርቴን የሠራልኝ ጸሐፊ በላቲን ፊደል ሲያሰፍረው አንዲት ፊደል እንዳትቀርበት እጅግ ተጠንቅቆ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ሳላሰማ ማለፍ አልችልም። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ፣ ዕጩዎች በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚደረደሩት በዚሁ የቤተሰብ ስም በሚባለው የፊደል ተራ ነው። በግዕዙ ገበታ ወ ከ26ቱ ፊደላት 15ኛ ነው፤ ጨዋ ስፍራ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ጎረቤት አለው። የላቲኑ ደብልዩ ግን ከ26ቱ 23ኛ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ያሉትን ፊደላት በስሙ መነሻ ላይ የሚጠቀም ሰው እምብዛም አይገኝም። መራጩ ከላይ ጀምሮ እየወረደ ምልክት ሲያደርግ ሦስቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ ከወረቀቱ ግርጌ ላይ እቀራለሁ። ይህ የተሸናፊ ሰው ምሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በለንደን ምርጫዎች በአንድ ፓርቲ ሥር ከሚወዳደሩ ዕጩዎች መካከል ስማቸው በፊደል ተራ የሚቀድመው የተሻለ ድምፅ እንደሚያገኙ የምርጫ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያሳዩት ጉዳይ ነው። እኛ ሦስታችን በአንድ በራሪ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ፣ ስለ አንድ ዓይነት የቆሻሻ ገንዳ አንድ ዓይነት ቃል ገብተን ሳለ፣ ያገኘነው ድምፅ በፊደላችን ተራ ደረጃ በደረጃ እየወረደ መጥቶ እኔ ላይ ሲደርስ መሬት ነካ። መራጩ ከቆሻሻ ገንዳው ጉዳይ ይልቅ የፊደል ሽማግሌነትን አክብሯል።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። የምርጫ ጣቢያዎች ከምሽቱ በአራት ሰዓት ሲዘጉ ሣጥኖቹ ወደ አንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ተጓጓዙ። ዕጩና ወኪል ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ማየት ይፈቀድለታል እንጂ ወረቀት መንካት አይችልም። ቆጣሪዎቹ መጀመሪያ የወረቀቱን ብዛት አመሳክረው፣ ሦስቱም ምልክት ለአንድ ፓርቲ የተሰጠበትን ለብቻ ሰብስበው፣ ምልክቱ የተደባለቀበትን ደግሞ በቅጽ ላይ አንድ በአንድ እያሰመሩ ይቆጥራሉ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ቆጣሪ ጣቷ ላይ የጎማ ቆብ አጥልቃ ወረቀቱን ስትገልብ፣ ዓይኔ እርሷን ተከትሎ ከወረቀቱ ግርጌ ላይ ምልክት ሲፈልግ አንገቴ ደነዘዘ። የሌላው ሰው ስልክ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ነበር፤ ከ1964 የመጀመሪያ ምርጫው ጀምሮ ከኮንሰርቫቲቮች እጅ ወጥቶ የማያውቀው ዌስትሚኒስተር፣ ከ1978 ጀምሮ የእነርሱ የነበረው ዋንድስወርዝም በዚያ ሌሊት ወደ ሌበር ተሻገሩ። እኛ ወረዳ ግን ታሪክ የሚሠራ ሰው ስላልነበረ እስኪነጋጋ ድረስ የሚያስታውሰን ጠፋ።

በመጨረሻ የምርጫ አስፈጻሚው ኃላፊ ወደ መድረክ ወጡና በፊደል ተራ ማንበብ ጀመሩ። አንድ ስም፣ ቀጥሎ የድምፁ ብዛት፣ ቀጥሎ የደጋፊዎቹ ጭብጨባ። የእኛዎቹ ሁለቱ ዕጩዎች ሲጠሩ እኔ በአንድ እጄ ሳንድዊች፣ በሌላው ሻይ ይዤ ስለነበር ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ሳንድዊቹን ጨርሼ፣ ኩባያዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ፣ የራሴን ስም ስጠባበቅ ኃላፊው ትንፋሽ ሰብስበው አንድ የማላውቀውን ሰው ጠሩ። ስሙ ሦስት ቦታ የተቆራረጠ፣ መካከሉ ላይ ሳል የመሰለ ነገር ያለበት ሲሆን፣ የየትኛው አገር ሰው እንደሆነ ለመገመት እንኳ አስቸጋሪ ነበር። ቀጥሎ የድምፁ ብዛት ተነገረ፤ ትንሽ ነው። ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ።

ይህን ጸጥታ መቋቋም አቃተኝ። ይህ ሰው ከየትም ይምጣ፣ በሰው አገር ተወዳድሮ፣ ይህን ያህል ዝቅተኛ ድምፅ አግኝቶ፣ የሚያጨበጭብለት አንድ ወዳጅ እንኳ አጣ ማለት ነው። ሰው በሰው አገር እንዲህ አይጣልም ብለው አሳደጉኝ እኮ። ስለዚህ ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ስለዚህ ጭብጨባ ጥቂት ማለት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ከእርሱ የበለጠ ያጠናሁት ነገር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ ቢጠፋ ኖሮ ትንኝ ገደልኩ እል ነበር። ሁለት ጊዜ ቢሆን እጄን አሞቅሁ ማለት ይቻል ነበር። የእኔ ግን በሠርግ ቤት ሙሽራ ሲገባ የሚጨበጨበው ዓይነት፣ የተመጠነ፣ ዜማ ያለው፣ ሌላውም ሰው እንዲከተለው የሚጋብዝ ጭብጨባ ነበር። ማንም አልተከተለኝም። አዳራሹ ደግሞ ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ እንጨት ስለሆነ እያንዳንዷ ጭብጨባ ከማዶ ተጋጭታ ትመለስ ነበርና፣ ሁለተኛ ሰው ተባበረኝ ብዬ በደስታ ባስ አድርጌ ጨመርኩ። ያ ሁለተኛ ሰው እኔው ነበርኩ። እንዲህ ከገደል ማሚቶዬ ጋር እየተበረታታን ስንቀጥል፣ ኃላፊው እንድጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ። የፓርቲው ቀለም ያለበት የሪባን አበባ ደረቴ ላይ እንደተሰካ፣ በአበባው መካከልም ስሜ በጉልህ እንደተጻፈ ትዝ ያለኝ ሰው ሁሉ ወደ ደረቴ ሲመለከት ነው።

ጭብጨባው ሲያበቃ ኃላፊው ቀጥለው ያነበቡት የተበላሹ የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን ብዛት ነበር። በፊደል ተራ የመጨረሻው ሰው ዕጣ ፈንታ ይህ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚጠራው ብልሽት ነው። ከሦስት ሰው በላይ የመረጡ፣ ማንነታቸውን የጻፉ፣ ጭራሽ ምንም ያላመለከቱ ተደማምረው ከእኔ ጋር ተፎካካሪ ሊባል በሚችል ቁጥር ቀረቡ። ለእነርሱም ያጨበጨበ አልነበረም፤ እኔም በዚያ ሰዓት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ከጭብጨባው ይብስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ትርጉም ሰጠው። ካሸነፉት አንደኛው ንግግር ሲያደርግ «ሽንፈቱን በጭብጨባ የተቀበለውን ተፎካካሪያችንን» አመስግኖ ዴሞክራሲ ማለት ይኸው እንደሆነ ተናገረ። ሌላው ስላቅ መሆኑን በማመን አንድ ዓይኑን ጠቀሰኝ። የራሴ የፓርቲ ጓዶች ግን አኩርፈው ነበር፤ ለእነርሱ አንዲት ጣት ሳላነሣ ለራሴ ቆሜ ማጨብጨቤ «ሦስተኛው ሰው» በድብቅ ምን ዓይነት ምኞት እንደነበረው አጋልጦታል አሉ። ሳንድዊቹን ለምስክርነት እንዳላቀርብ በልቼዋለሁ። ስሜ በትክክል ቢጠራ ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይሆን ላስረዳ ስሞክር አስተባባሪዋ ሴትዮ እጄን ያዝ አድርገው፣ በራስ መኩራት የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ በርኅራኄ ነገሩኝ። በራሴ አልኮራሁም! ያዘንኩት ለማላውቀው ሰው ነው!

ውጤቱ የተነበበበትን ቪዲዮ አንድ ሰው ቀርጾት ኖሮ በእኛ ሰዎች ስልክ ሲዘዋወር አዲስ አበባ ደረሰ። እሑድ ዕለት አባቴ ራሳቸው ደወሉ።

«ስሜን በድምፅ ማጉያ ሲጠሩት ሰማሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ረጋ ብሎ ነበር። «ስንት ሰው ነው የመረጠኝ?»

«አባዬ፣ የተወዳደርኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ላይ ማን ቀድሞ ተጻፈ?»

«እርስዎ።»

«ሲነበብስ?»

«እርስዎ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከኋላቸው እናቴ ጎረቤት ለመጣ ሰው ጉዳዩን ስታስረዳ ይሰማኛል፤ በእርሷ አነጋገር ነገሩ ለጥቂት ያመለጠ ድል ሆኗል። ከዚያ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እዚያ አገር ድጋሚ ይቆጠርልኝ ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ብለው ጠየቁኝ። ዕጩው ወይም ወኪሉ መጠየቅ እንደሚችል ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አንተ» አሉ፣ «በማን ፈቃድ ነው ሽንፈቴን የተቀበልክልኝ?»