ዋልካና መኮንን

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ደመናው ከጣና ላይ አልነሣ ብሏል፤ እኔም በየክረምቱ የሚጫነኝ ድብርት ይዞኛል። የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ካለው ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የላከው መልእክት ደግሞ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። የጂኦሎጂ ትምህርት መጀመሩን ሲነግራቸው ጋሼ «ወታደርን ከድንጋይ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ተቆጥተዋል አሉ።

እኔ ግን የሚያስቆጣ ነገር አላየሁበትም። አካዳሚው ራሱ የተሠራው በሀድሰን ወንዝ ዳር፣ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ዓለት ላይ ነው። ጄኮብ ቤይሊ የተባሉ መምህርም እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ እዚያው ኬሚስትሪን፣ ማዕድናትንና ጂኦሎጂን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ድንጋዩ ቢቀር እንኳ ጭቃው አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅየም ውስጥ፣ ሜሲን ላይ፣ እንግሊዞች ከጀርመኖች ምሽግ ሥር ፈንጂ ለመቅበር የቻሉት ውኃ ያዘለውን አሸዋ አልፈው፣ ከሥሩ ባለው ሰማያዊ ሸክላ አፈር ውስጥ ስለ ቆፈሩ ነው። ኤጅዎርዝ ዴቪድ የተባሉት የአውስትራሊያ ጂኦሎጂስት ስለ ምድሩ ጠባይ ያማክሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1917 ደግሞ 19 ፈንጂዎች ፈነዱ። እኔን ከፍንዳታው ይልቅ የሚገርመኝ ቆፋሪዎቹ ያወጡትን አፈር በጥንቃቄ መደበቃቸው ነው፤ ጠላት ቀለሙን ቢያይ ምን ያህል ጠልቀው እንደ ወረዱ ያውቅ ነበርና።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት የሚያብጠውን ዋልካ የፎገራ ገበሬ ያውቀዋል፤ መንገድ ሠሪውም ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ የሚሞላበት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባድ መኪና የሚያሳልፈውንና የሚውጠውን መሬት አስቀድሞ ያልለየ መኮንን፣ ከጠላቱ በፊት ጭቃው ይማርከዋል።

ይሁን እንጂ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጦር ትእዛዝ በሰዓት ይቆጠራል፤ ምድር ግን እንዲህ አትቆጠርም። ይህ ጣና፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ቅልጥ ዓለት በደቡብ በኩል መውጫውን ስለ ዘጋበት የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከ17 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ ፈጽሞ ደርቆ እንደ ነበር ከታቹ የወጣው ደለል ይመሰክራል። ይህን የተማረ ወጣት «ኮረብታውን እስከ ነገ ጠዋት ያዝ» ሲባል፣ መጀመሪያ የሚታየው የተኩስ ቦታው ነው ወይስ የኮረብታው ዕድሜ? ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ሰው ላይ ሳይጣሉ ይኖሩ ይሆን? እኔ በበኩሌ ወታደር ብሆን ኖሮ ድንጋይ ሳገላብጥ እማረክ ነበር።