«ስማቸውን ቀየርኩ»

የቡድን መሪያችን የነበሩት ሰው የፋይል ቅጥያ (በስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ የሚጻፈው) የፋይሉን ምንነት ይወስናል ብለው ያምኑ ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ ከልዩ ልዩ ሰብሳቢዎች የሚመጡልንን የድሮ ጌሞች ቅጂ ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ መለያ) እያሰላሁ ከማጣቀሻ ዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ስለነበር፣ ከዚህ እምነት ጋር መጋጨቴ አይቀርም ነበር። የተጋጨነውም በኒንቴንዶ 64 ነው።

የዚህ ኮንሶል ቅጂዎች በሦስት ዓይነት የባይት ቅደም ተከተል ይገኛሉ። ዜድ64 የሚል ቅጥያ ያለው የካርትሪጁን (ጌሙ የተጫነበትን ካሴት መሰል ዕቃ) ቅደም ተከተል እንዳለ ይይዛል፤ ዶክተር ቪ64 በተባለው መቅጃ መሣሪያ የተለመደው ቪ64 ጥንድ ጥንዱን ባይት ቦታ ያለዋውጣል፤ ኤን64 ደግሞ አራት አራቱን ገልብጦ ይጽፋል። ዝርዝራችን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ስለነበር፣ ከአንድ ሰብሳቢ የመጣው የቪ64 ክምችት በሙሉ በፍተሻ ሲወድቅ አልደነቀኝም። የባይት ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል ማስታወሻ ላክሁ፤ መሪያችንም በዚያው ቀን «ተስተካክሏል» ሲሉ መለሱልኝ። ደግሜ ስፈትሽ ሁሉም ወደቁ፤ ከሃሾቹ መካከል አንድም የተለወጠ አልነበረም።

«ምን አደረጓቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስማቸውን ቀየርኩ። ሁሉንም ዜድ64 አልኳቸው።»

«የተቀየረው እኮ ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ እንደነበረ ነው።»

«ውስጡ ድሮስ ምን ሆነና? መጠኑን ተመልከት፤ 8 ሜጋባይት ነበር፣ አሁንም 8 ሜጋባይት ነው።»

ባይቶች ቦታ ሲለዋወጡ መጠን እንደማይጨምርም እንደማይቀንስም ለማሳየት ፋይሉን የእያንዳንዱን ባይት ዋጋ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በሄክስ ኤዲተር፣ ከፈትሁላቸው። ዜድ64 ቢሆን ኖሮ 80 37 12 40 ብሎ መጀመር ሲገባው፣ የእሳቸው ፋይል 37 80 40 12 ይላል። ወረድ ብሎ የጌሙ ስም በተጻፈበት ቦታ የሱፐር ማሪዮ 64 የላቲን ፊደላት ሁለት ሁለት እየሆኑ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው 64 ራሱ 46 ሆኗል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብሁም ነበር። እሳቸው ግን ስክሪኑን ለአፍታ አይተው ኢሙሌተሩን (የኮንሶል ጌም በኮምፒውተር የሚያጫውተውን ፕሮግራም) ከፈቱና ያንኑ ፋይል ጫኑበት፤ ጌሙም ያለ አንዳች እንከን ተነሣ።

«ይኸው! ይሠራል አይደል?»

መሥራቱስ ይሠራል። ብዙ ኢሙሌተሮች ቅጥያውን ከማመን ይልቅ የመጀመሪያዎቹን አራት ባይቶች አንብበው ቅደም ተከተሉን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ይህንን የጻፈው ፕሮግራመር እንዲህ ያለ ፋይል አንድ ቀን እንደሚመጣበት አስቀድሞ ገምቶ ነበር ማለት ነው፤ የእሱ አርቆ ማሰብ ግን በዚያች ሰዓት ለመሪያችን ምስክር ሆኖ ቆመ። ይህንኑ ሳስረዳቸው ፈገግ ብለው፣ «ታዲያ ኢሙሌተሩ ያስተዋለውን ያንተ ፕሮግራም ማስተዋል ለምን አቃተው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ጥያቄው መጥፎ አለመሆኑ ነው። ኢሙሌተር የተሠራው ጌሙን ለማስነሣት ስለሆነ ብዙ ነገር ቢያልፍ ያምርበታል፤ ማረጋገጫ ግን ካለፈ ሥራውን ትቷል ብዬ መለስሁ። መልሴን ትክክል ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ይሁንና በማግሥቱ ፕሮግራሜ አራቱን ባይቶች አንብቦ፣ ቅደም ተከተሉን ካቃና በኋላ ሃሹን እንዲያሰላ አደረግሁት። የጨመርሁት ኮድ ጥቂት መስመር ነው፤ ፋይሎቹም ከዝርዝሩ ጋር ገጠሙ። በወሩ ሪፖርት ላይ «በማረጋገጫ ፕሮግራሙ ላይ የነበረው ችግር ተፈትቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፈረ። ስለ ስም ቅየራው የተጻፈ ነገር የለም።

ጥቂት ቆይተው የፕሌይስቴሽን ዲስኮችን ቅጂ የያዙትን የቢን ፋይሎችም አይኤስኦ በሚባለው በሌላው የዲስክ ቅጂ ዓይነት ስም ብንጠራቸው እንደሚያምር ሐሳብ አቀረቡ። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ካርትሪጁ በቀላሉ አያልፍም። ኪዩ የሚባለው ትንሽ ፋይል ቢኑን የሚያገኘው በስሙ ስለሆነ፣ ስሙ ሲቀየር የሚያመለክተው ነገር ያጣል። በተጨማሪም በቢኑ ውስጥ እያንዳንዱ ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሽ ቁራጭ) ሙሉውን 2352 ባይት ይዞ ሲቀመጥ አይኤስኦ 2048 ባይት ብቻ ይጠብቃል፤ ጌሙ በዲስኩ ላይ የድምፅ ትራክ ካለው ደግሞ አይኤስኦ ለሙዚቃው ቦታ የለውም። ይህንን ሁሉ ለማስረዳት ሄክስ ኤዲተር አልከፈትሁም። በዲስኮቹ ፎልደር ላይ ስም የመቀየር ፈቃድ ለእኔ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ ይህኛው ማሻሻያ በሪፖርቱ አልገባም።