ጎካርናን በሁለተኛው ጉዞዬ ነው ያየኋት

ደቡብ ህንድ ካርናታካ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ጎካርና ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ግን ከተማዋን አላየኋትም። ያኔ ቤንጋሉሩ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ማታ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጠዋት ደረስኩና በባጃጅ በቀጥታ ኦም ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድኩ። ሁለት ቀን አሸዋ ላይ ተኝቼ ተመለስኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ያደርኩት ከተማው ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ተሳላሚዎቹ መጀመሪያ ባሕሩ ውስጥ ይነከራሉ፤ ከዚያ ወደ ማሃባሌሽዋር ቤተ መቅደስ ያቀናሉ። ወንዶቹ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፣ ነጭ ሽርጥ አገልድመው ነው የሚገቡት። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጠኛው ክፍል አይዘልቅም። እኔም ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ቅር አላለኝም፤ እኛስ ብንሆን መቅደስ የሚገባው ማን እንደሆነ እናውቅ የለ?

እንዲህ ብለው ይተርካሉ። ራቫና የሚባለው ንጉሥ ሺቫ ከሚባለው የሂንዱ አምላክ አንድ ቅዱስ ድንጋይ ተቀበለ፤ ግን መሬት እንዳያስነካው ታዘዘ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ለጸሎት ብሎ ለአንድ ልጅ አስያዘው። ልጁ ለካ የሺቫ ልጅ የሆነው አምላክ ጋኔሻ ነው። ራቫናን ሦስት ጊዜ ተጣራና ሳይመጣ ሲቀር ድንጋዩን መሬት ላይ አኖረው። ራቫና ቢስበው ቢስበው አልነቀል አለ፤ ድንጋዩ ግን ተጠማዞ የላም ጆሮ መሰለ። ጎካርና ማለትም የላም ጆሮ ማለት ነው። ያ ድንጋይ ዛሬ ማሃባሌሽዋር ውስጥ እንዳለ ያምናሉ። ይህን ካወቅኩ በኋላ መንገዱን ሞልተው የሚሄዱት ሰዎች ምን ፍለጋ እንደመጡ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ኮቲ ቲርታ ሄድኩ። ዙሪያውን በድንጋይ ደረጃ የታጠረ ሰፊ ኩሬ ነው። ሰዎች ዝም ብለው ይታጠባሉ፣ ይጸልያሉ። ጠበል ሲወርድ እያየ ላደገ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ ባሕሩ የወረድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኩድሌ የሚባለው ዳርቻ ከከተማው ኮረብታውን ተሻግሮ ሃያ ደቂቃ ገደማ በእግር ያስኬዳል። መንገዱ ድንጋይና ደረጃ ስለሆነ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ እንጂ ጎማ ያለው ሻንጣ አይሆንም። ቀጥሎ ኦም፣ ከዚያ ሀፍ ሙን፣ መጨረሻ ላይ ፓራዳይዝ ናቸው። ወደ ፊት በሄዳችሁ ቁጥር ሰው እየሳሳ፣ የማዕበሉ ድምፅ ብቻ እየቀረ ይሄዳል። እኔ ሀፍ ሙን ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ቆይቼ ጨለመብኝ። ገደሉን ይዞ የሚሄደውን ቀጭን መንገድ በስልኬ መብራት ተመለስኩ፤ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። በጣም ፈርቼ ነበር። የእጅ ባትሪና ውኃ ያዙ፤ ብርሃን ሳለም ተመለሱ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡም ማዕበሉም ከባድ ስለሆነ አትሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው። በባቡር ከሆነ ጎካርና ሮድ ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ አስር ኪሎ ሜትር በባጃጅ ይቀራችኋል። የዋና ልብስ ለዳርቻው ብቻ ይሁን፤ በቤተ መቅደሱ መንገድ ስታልፉ ትከሻችሁንና ጉልበታችሁን ሸፍኑ።

በመጨረሻው ቀን አውቶቡሱ እስኪነሳ ሦስት ሰዓት ቀርቶኝ ነበር። ዳርቻው ቅርብ ነው፤ እኔ ግን ኮቲ ቲርታ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት።