ሴራሚክ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወለሉን ለኩ

ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ማጠናቀቅ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሴራሚክ ሱቅ ነው። ቀለም መርጦ፣ ከፍሎ፣ ካርቶኑን አራተኛ ፎቅ ካስወጣ በኋላ ባለሙያ ይፈልጋል። መቅደም ያለበት ግን ባለሙያው ነው። ወለሉ ሳይለካ ስንት ሲሚንቶ እንደሚበላ፣ በር መቆረጥ እንዳለበት፣ የእጅ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር አይታወቅም።

ልኬቱ ቀላል ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ሊሾው (የሲሚንቶ ወለሉ) ላይ አጋድሙና ከሥሩ ያለውን ክፍተት እዩ። ክፍተቱ እስከ 3 ሚሊ ከሆነ በሴራሚክ ኮላ መሥራት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ወይ ሊሾው ይስተካከላል፣ ወይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሞርታር ይነጠፋል። የሞርታሩ ውፍረት 3 ሳንቲ፣ ቅይጡ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ከሆነ፣ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ከ4 እስከ 5 ካሬ ያህል ያደርሳል። ሴራሚኩ ሲጨመር ወለሉ ወደ 4 ሳንቲ ከፍ ይላል፤ በሩ የማይከፈተው ያኔ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከኮሪደሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ዝቅ እንዲል ከፍታውን ከአሁኑ አስሉት።

አሁን ወደ ሱቅ። ለወለል ፖርስሊን ይሻላል። ሻጩ «ፖርስሊን ነው» ካለ ገልብጡና ጀርባው ላይ ትንሽ ውኃ አፍስሱ። ቶሎ ከመጠጠው የግድግዳ ሴራሚክ ነው። ፖርስሊን የሚመጠው ውኃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ የግድግዳው ከ10 በመቶ በላይ ይመጥጣል። ለመታጠቢያ ቤት የሚያብረቀርቅ አትግዙ፤ እርጥብ እግር ያሳረፈበት ያውቀዋል። ካርቶኑ ላይ አር 10 (R10፣ አለማንሸራተቱን የሚያሳይ ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን፣ ሻካራ ገጽ ያለውን ውሰዱ።

ካርቶኑ ላይ ሁለት ነገሮችን አነጻጽሩ፦ የቀለም መለያ ቁጥሩን (ቶን) እና የመጠን ቁጥሩን (ካሊበር)። ስሙ አንድ የሆነ ሴራሚክ ቶኑ ከተለያየ ሳሎን መሃል እንደ ጥገና ይታያል፤ ካሊበሩ ከተለያየ ደግሞ ፉጋው (በፍሬዎቹ መካከል ተትቶ የሚሞላው ክፍተት) መስመር አይይዝም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው፤ ለቁራጭና ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር 22 ይሆናል። 60 በ60 በካርቶን 4 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ስለሚይዝ 15.3 ካርቶን ይወጣል። ባለ 10 ሳንቲ ዞኮሎ (ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው) ከዚያው ከተቆረጠ ወደ 6 ፍሬ ይፈልጋል፤ በድምሩ 17 ካርቶን። በሰያፍ (በዲያጎናል) የሚነጠፍ ከሆነ ተጨማሪውን 15 በመቶ አድርጉት።

የእጅ ዋጋ በካሬ ነው የሚነገረው። ጭቅጭቅ የሚነሳው ግን በካሬ ውስጥ ባልተነገረው ነው፦ ሊሾ ማስተካከል፣ ዞኮሎ በሜትር፣ የ45 ዲግሪ ጠርዝ፣ የቧንቧ ቀዳዳ፣ የመቁረጫ ዲስክ፣ ማውጣትና ማውረድ። እነዚህን በወረቀት አስፍሩ። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ ቀሪው በክፍል በክፍል ይከፈል። የመጨረሻውን 10 በመቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ወለሉን አንኳኩታችሁ ክፈሉ።

ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ባለሙያው ለመፍጠን አራቱ ማዕዘንና መሃሉ ላይ ጣል ጣል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በመካከል አየር ይቀራል። የፍሪጅ እግር እዚያ ባዶ ላይ ካረፈ ይሰነጠቃል። ሌላው ደግሞ ፖርስሊንን በደረቅ የሲሚንቶ ዱቄት ወይም በተራ የሲሚንቶ ልቁጥ መለጠፍ ነው። ፖርስሊን ውኃ ስለማይመጥ ሲሚንቶው የሚይዝበት የለውም፤ ለግድግዳ ሴራሚክ የሠራው ዘዴ እዚህ አይሠራም። ኮላው በጥርስ ባለው ብረት ወለሉ ላይ ተበጥሮ፣ ለትልቅ ሴራሚክ ጀርባውም በስሱ መቀባት አለበት። ሥራው እየሄደ አንዱን ፍሬ አስነስታችሁ ጀርባውን ማየት መብታችሁ ነው።

«ፉጋ አይታየኝ» ብሎ አጠጋግቶ ማስነጠፍ የደንበኛው ጥፋት ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ክፍተት ይተው፤ በግድግዳው ዙሪያም ከ5 እስከ 8 ሚሊ ይቅር፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ይህ ካልተተወ ወለሉ በሙቀት ሲሰፋ መሄጃ ያጣና መሃል ላይ እንደ ድንኳን ይነሳል። ፉጋ የሚሞላው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ለ60 በ60፣ በ3 ሚሊ ፉጋ፣ 20 ካሬ ወደ 3 ኪሎ ይበቃዋል። ለኩሽና ነጭ አትምረጡ።

መታጠቢያ ቤት ላይ አትቸኩሉ። ውኃ የሚያግደው ከሥር የሚቀባው ማገጃ ነው፤ በፉጋው በኩል ውኃ ይሰርጋል። ማገጃው ወለሉን ሸፍኖ ግድግዳውን 20 ሳንቲ ያህል ይውጣ፤ ከደረቀ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ውኃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆይ። ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን እንዲያይላችሁ ንገሩት። ወለሉ ወደ መውረጃው በአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ተኩል ይውረድ።

የተረፈውን አራት አምስት ፍሬ አትጣሉ፣ ለቀን ሠራተኛውም አትስጡ። ቧንቧ ለመጠገን ወለሉ ሲፈረስ ያንኑ ቶን ገበያ ላይ አታገኙትም።