የሰባት ቀን አይጦችና የሰባት ወር ሕፃን

ዛሬ ጠዋት የሰባት ወር ወንድ ልጇን ለቡአ ቀዶ ሕክምና ያመጣች እናት የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ከመፈረሟ በፊት ቀና ብላ «ዶክተር፣ ሲነቃ ያው የማውቀው ልጄ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ የሰመመን ባለሙያ ነኝ፤ ነገር ግን በኦፕራሲዮን ክፍል በር አረንጓዴ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ማረሙን ከተውሁት ቆይቻለሁ። «አዎ፣ እህቴ» አልኳት። መልሱ ስሕተት አልነበረም፤ ሆኖም እጅግ ፈጥኖ ከአፌ ስለወጣ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

የከነከነኝ የአይጦቹን ታሪክ ስለማውቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰባት ቀን ለሞላቸው አይጦች ሚዳዞላም፣ ናይትረስ ኦክሳይድና አይሶፍሉሬን፣ ማለትም ለሰው ልጅ የምንሰጣቸውን መድኃኒቶች፣ አጣምሮ ለስድስት ሰዓት አስተኛቸው። ዕድሜው በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን የአይጥ አእምሮ የነርቭ ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኝበት ሥራ ስለሚጧጧፍ፣ ሰመመኑ ጸጥ ሲያሰኛቸው ብዙ ሴሎች ራሳቸውን በራሳቸው አጠፉ።

ጉዳቱ የተገለጠው ግን ከሳምንታት በኋላ በገንዳ ውስጥ ነው። ሪቻርድ ሞሪስ የተባለው ሳይንቲስት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ይህ ፈተና ቀላል ነው፦ ክብ ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ ይደፈርሳል፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ መቆሚያ ይደበቃል፣ አይጧም በክፍሉ ዙሪያ ያሉትን ምልክቶች እያስተዋለች መቆሚያው የት እንዳለ በልቧ መያዝ ይኖርባታል። ጤነኛዋ ከቀን ወደ ቀን መንገዷን ታሳጥራለች። በሰመመን የተኙት አይጦች በአብዛኛው ጠባያቸው ከእኩዮቻቸው ባይለዩም፣ መቆሚያውን ለማግኘት ግን ዘገዩ፤ ልዩነቱም ካደጉ በኋላ አልጠፋም።

ከዚህ ተነስቶ ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ይሽሽ ማለት ግን አላዋቂነት ነው። በአጭር ዕድሜዋ ለአንዲት አይጥ ስድስት ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም ማሰብ ይበቃል። ይልቁንም ከዛሬው ሕፃን ጋር የሚመሳሰለው የ722 ሕፃናት ጥናት ነው። ሁሉም የቡአ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ነበሩ፤ ከፊሎቹ ሴቮፍሉሬን በተባለ የሰመመን መድኃኒት ተኝተው፣ ሌሎቹ ነቅተው በጀርባ መርፌ ታከሙ፤ በአምስት ዓመታቸው የማሰብ ችሎታቸው ሲለካ ልዩነት አልተገኘም። አብዛኞቹ የተኙት ከአንድ ሰዓት በታች ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2016 ያስጠነቀቀው ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከሦስት ሰዓት ለሚያልፍ ወይም ለሚደጋገም ሰመመን ነው።

የዛሬው ልጅ የተኛው 38 ደቂቃ ነው። ማገገሚያ ክፍል ውስጥ እያለቀሰ ነቅቶ ጡቷን ሲያገኝ ዝም አለ፤ እናቱም «አወቀኝ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እናታቸውን ማወቅማ አይጦቹም ያቃታቸው አይመስለኝም፣ የተጓደለው ኋላ የሚማሩት ነገር ነበር ብዬ በሆዴ አሰብሁ።

ነገ የመጀመሪያዋ ተረኛ ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ናት። ስትተኛ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፣ ሥራውም ከአራት ሰዓት አያንስም፣ ይቆይ የሚባልም አይደለም። ወላጆቿ ያንኑ ጥያቄ ቢያነሱ እንደ ዛሬው ፈጥኜ አልመልስላቸውም።