ከፍተኞቹን ሐይቆች በሳተላይት ምስል እንዴት ለየሁ

በዓለም ላይ ከፍተኛው ሐይቅ የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ኔፓል ውስጥ 4,919 ሜትር ላይ የተኛው ቲሊቾ ለረጅም ጊዜ በዚህ ማዕረግ ሲጠራ ኖሯል። ፔሩና ቦሊቪያ የሚጋሩት ቲቲካካም፣ በ3,812 ሜትሩ፣ ያንኑ ማዕረግ ሲሰጠው እሰማለሁ። የቲቤት አምባ ላይ ግን ከ5,000 ሜትር በላይ ያሉ ሐይቆች ሞልተዋል። ነገሩ አልዋጥልህ ቢለኝ በነጻ የሚገኙ የሳተላይት መረጃዎችን ይዤ የራሴን ዝርዝር ለማውጣት ተነሣሁ።

ከፍለጋው በፊት የትኛውን ውኃ እንደምቆጥር መወሰን ነበረብኝ። የቲቲካካ ማዕረግ ለምሳሌ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ትልልቅ መርከብ የሚመላለስበት ከፍተኛው ሐይቅ ነው የሚባለው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የተሠራችው ያቫሪ የተባለች መርከብ ብረቷ ተፈታትቶ በበቅሎ የአንዲስን ተራሮች ከወጣ በኋላ ነው ሐይቁ ዳር ተገጣጥማ እ.ኤ.አ. በ1870 ውኃ የነካችው። ቅድመ ሁኔታው ሲነሣ ግን ማዕረጉም አብሮ ይነሣል። እኔ የያዝኩት መለኪያ ውኃው በተለያዩ ዓመታት በተነሡ የሞቃት ወራት ምስሎች ላይ ቦታው ላይ መገኘቱን ነው። ግግር በረዶ ላይ ለጥቂት ሳምንት ተጠራቅሞ የሚፈስ ውኃ አልቆጥርም። ብዙ ዕጩዎች እዚሁ ላይ ወደቁ።

ከፍታውን የወሰድኩት ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በፌብሩዋሪ 2000፣ በ11 ቀን በረራዋ፣ በራዳር ከለካችው የመሬት ከፍታ መረጃ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እዚህ ላይ ነው። ልኬቱ ሲታቀድ የተፈቀደለት የስሕተት ወሰን 16 ሜትር ነው። ገደላማ ተራሮች ራዳሩን ስለሚጋርዱት ክፍተት የቀረበት ቦታም አለ፤ በኋላ ከሌላ ምንጭ ተሞልቷል። ጂፒኤስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት፤ መጀመሪያ የሚያሰላው ለምድር ከተሰጣት የሒሳብ ቅርጽ በላይ ያለውን ከፍታ ነው፤ ያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በአሥሮች ሜትር ሊለያይ ይችላል።

እንግዲህ ቁጥሮቹን እዩ። በኦሆስ ዴል ሳላዶ እሳተ ገሞራ ላይ፣ በአርጀንቲና በኩል ያለው ኩሬ 6,390 ሜትር ገደማ ይባላል። ከኤቨረስት ሰሜን ምሥራቅ፣ ቲቤት ውስጥ ያለው የላግባ ኩሬ 6,368 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው 22 ሜትር ብቻ! ሁለቱም በአንድ መነሻ፣ ማለትም ሁለቱም ከባሕር ጠለል ወይም ሁለቱም ከሒሳብ ቅርጹ፣ መለካታቸውን ሳላረጋግጥ አንደኛና ሁለተኛ ብዬ አልደረድራቸውም፤ ዝርዝሬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ትንንሾቹን ከምስል ላይ ማግኘት አታካች ሥራ ነው። ሴንቲኔል-2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር ስለምትሸፍን፣ 100 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የኦሆስ ዴል ሳላዶ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር አሥር ነጥብ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ላንድሳት በተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ሦስት። ውኃ ኢንፍራሬድ የተባለውን ዓይን የማያየውን ብርሃን ስለሚውጥ ጠቁሮ ይታያል። የተራራ ጥላም እንዲሁ። የሚለያቸው የተለያዩ ወራት ምስሎችን ማነጻጸር ነው፤ ጥላው ከፀሐይ ጋር ይዞራል፣ ሐይቁ ባለበት ይቆያል።

ከሁሉ የገረመኝ ሊካንካቡር ነው፤ በቺሊና በቦሊቪያ ድንበር ላይ፣ 5,900 ሜትር ገደማ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ያለ ሐይቅ። አየሩ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ በሚወርድበት ቦታ የሐይቁ የታችኛው ውኃ 6 ዲግሪ ያህል ሆኖ ተለክቷል፤ ከሥር የምድር ሙቀት እንደሚደርሰው ይታሰባል። ናታሊ ካብሮል የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን እዚያ ድረስ የወጣው፣ ስሱ አየሩና ኃይለኛው የፀሐይ ጨረር የጥንቷን ማርስ ስለሚመስል ነው። አካባቢው እጅግ ደረቅ መሆኑም አንድ ነገር ነው። ሂማላያ ላይ በዚያ ከፍታ የሚገኝ ጎድጓዳ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በግግር በረዶ የተያዘ ሲሆን፣ በአታካማ በረሃ ዙሪያ ግን ግግር በረዶ ጥቂት ስለሆነ ጎድጓዳው ለውኃ ይቀራል።

መሞከር የሚፈልግ ከአንዲስ ይጀምር፤ በአታካማ በኩል ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ለሂማላያ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ የተነሡትን ምስሎች እለፏቸው፣ ደመና ብቻ ነው የምታዩት። ጥቅምት ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ብዙዎቹ በበረዶ ስለሚሸፈኑ ሐይቁን ከዳርቻው መለየት ያስቸግራል።